ሦስት «እሺ» ለአንድ ኳስ

ይድረስ ለሰፈራችን የታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ፣ ለተከበሩ አቶ ወንደሰን፤ ጂንካ።

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ እንደ ተመልካቹ ጭብጨባ ከፍ ዝቅ የማይል እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው የሩቲ አባት ዶላሞ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ድካም ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ለማንም እምቢ ስለማይሉ አመሰግናለሁ። ከሃና ከተማ ቡድን ጋር በተጫወትን ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ብናገኝ ሦስት ልጆች ሊመቱ እኩል መጡ፤ ለካ ለሦስቱም እናቶች «እሺ፣ የእርስዎ ልጅ ትመታለች» ብለው ኖሯል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል፤ እርስዎ ግን በየደጁ ነው የተከሉት። ልጆቹ ሲጓተቱ አምበሏ ልጄ ሩቲ ኳሷን አንስታ፣ ከሦስቱ መካከል ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ለሰነበተችው ለአስካል ሰጠቻት። አስካልም አገባች፤ አሸነፍን።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ሁለቱ እናቶች ስላኮረፉ የአምበልነቱን የክንድ ጨርቅ ከልጄ ፈትተው፣ ለሰላም ሲባል በየሳምንቱ በተራ እንዲታሰር ወሰኑ። ጨርቁን በእሷ ክንድ ለክቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለቡድኗ ድል ያመጣች ልጅ እንደምትቀጣ አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን መጻፍ ከብዶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከቀይ አፈር ከተማ ቡድን ጋር ስንጫወት ያው ቅጣት ምት፣ ያው ሦስት ልጆች፣ ያው ጉተታ ተደገመ። የዕለቱ ባለተራ አምበል ወደ እርስዎ አየች፣ እርስዎ ወደ ተመልካቹ አዩ። ኳሷ ተንከባላ ሩቲ እግር ስር ቆመች፤ አላነሳቻትም። ከተጓተቱት አንዷ መትታ ሳተች፣ ተሸነፍን። ቤት ስንገባ ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት «ማን እንደሚቀየመኝ አላወቅኩም» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ያላስተማርኳትን እርስዎ በሦስት ሳምንት አስተማሯት፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ጨርቁን ለሩቲ ይመልሱ አልልም። ለማን እንደሚገባ ራስዎ ይወስኑ፤ ከወሰኑ በኋላ ሰው ቢያኮርፍም ይጽኑ።

ማንንም ማስቀየም ለማይችለው ደግ ልብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

አክባሪዎ ዶላሞ፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ጨርቁ ከክንድ ክንድ ሲዞር ላስቲኩ ላልቷል። በነፃ አጠብበዋለሁ፤ በማን ክንድ ልክ እንደሆነ ግን ሌላ ሰው ሳይጠይቁ ይንገሩኝ።