የዘለቀ ምርጫና የእኔ ቆጠራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1981

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዘለቀ ወደ ኋላ ቀርቷል። እዚህ አሜሪካ ላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ፕሬዚዳንትነት እጩዎች የተጠቆሙ ዕለት ከተገኙት 59 አባላት 38ቱ ለአሥራት እጅ አወጡ፣ 21ዱ ለዘለቀ። ምርጫው እሑድ፣ ጥቅምት 27፣ በምስጢር ነው።

ዘለቀ ተማሪዬ ነበር። አሁን ታክሲ ይነዳል። አዲስ ለመጡ ስደተኞች ወረቀት የሚያስሞላውን ኮሚቴ ስድስት ዓመት ይዞታል። የሚፈልገው ኮሚቴውን ይዞ መቆየት ነው። አሥራት ካሸነፈ የራሱን ሰዎች ያስገባበታል።

ጠዋት ፒኮ ጎዳና ላይ ጋዜጣ ገዛሁ። ወደ ኋላ የቀረው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ እጩ በየትኞቹ ስቴቶች በኩል ሊያሸንፍ እንደሚችል ይዘረዝራል። እኔስ ለዘለቀ እንዲህ ያለ ስሌት ለምን አልሠራለትም? አባላቱ 112፣ 57 ይበቃዋል። ያን ቀን ያልተገኙት 53 ናቸው፤ 22 ታክሲ ነጂዎች፣ 19 የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ 12 ልዩ ልዩ። ከነዚህ 36 ካገኘ አለቀ። መንገድ አለው… ጠባብ ቢሆንም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ጀመርኩ። በደብተሬ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ስም፣ ሥራ፣ መልስ። ኤርፖርት ታክሲ ተራ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሆምወርክ ሊያርሙ መጡ እንዴ?» አለኝ ወንድይፍራው፣ ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ።

ሳቅን። ስሙን ጻፍኩና ማንን እንደሚመርጥ ጠየቅሁት።

«የእርስዎን ልጅ ነዋ።»

ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ጨረስኩ። ከ53ቱ 44ቱ ለዘለቀ። ማንም አላመነታም። 21 ሲጨመር 65።

ጋዜጦቹ ሺህ ሰው ጠይቀው ስለ አገሩ ሁሉ ይናገራሉ። እኔ አንድም አላስቀረሁም። የኔ አይበልጥም?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ዘለቀ መጣ። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ አሥራት ከምርጫው ድሮፕ ካደረግክ ምክትል ትሆናለህ፣ ኮሚቴውም ያንተው ይሆናል አለኝ።»

ደብተሩን አሳየሁት።

«65 ይዘህ ለምን ትወጣለህ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ።»

«ሶ… ታዲያ እምቢ ልበለው?»

«በለው።»

እሑድ፣ ጥቅምት 27

አሥራት 71። ዘለቀ 38። ሦስት ሰው አልመጣም።

ዘለቀ የአሥራትን እጅ ጨብጦ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 29

የአሜሪካውም እጩ ተሸነፈ። ጋዜጦቹ እንዳሉት። የተሳሳተው የኔ ቆጠራ ብቻ ነው።

ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ በላሁ። ሮማን፣ አስተናጋጇ፣ ከአሥራ ሁለቱ ልዩ ልዩ አንዷ ናት። ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ዘለቀ ብዬዎት የመረጥኩት አሥራትን ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽኝ?»

«መጀመሪያ ስሜን ጻፉ፣ ከዚያ ጠየቁኝ። እኔ ቀበሌ ነው ትዝ ያለኝ። ስም ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ አይተን አይደል የመጣነው? ደሞስ እርስዎን ፊት ለፊት እምቢ የሚል ማን አለ?» ሄድ ብላ ተመለሰች። «ይቺንም እንዳይጽፏት።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «ገባን» ይላል። አምኜ አላውቅም፤ እፈትን ነበር። ዘንድሮ ምን ነካኝ? እንዲያሸንፍ ስለ ፈለግሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ስልክ አያነሳም። ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው ቤቱ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ታክሲው ቆሟል፣ በሩ አይከፈትም።

ትናንት አሥራት ዘንድ ሄጄ «ዘለቀን እምቢ ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ኮሚቴው ረቡዕ ይደለደላል። ከዚያ በፊት ራሱ መጥቶ ያናግረኝ» አለ። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ?

ነገ በዘለቀ በር ሥር የማስገባው ይህ ነው፦

«ልጄ ዘለቀ፣ የሰጠሁህ ቁጥር ስሕተት ነበር። ሰዎቹን አትቀየም፤ እውነቱን ሊነግሩኝ በማይችሉበት መንገድ ጠየቅኋቸው። እርግጠኛ ነዎት ስትለኝ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለአሥራት ነግሬዋለሁ። እስከ ማክሰኞ ይጠብቅሃል። አብረን እንሂድ ካልክ እመጣለሁ፣ ብቻዬን ካልክም ይሁን። ባለፈው ሳምንት የመጡት ባልና ሚስት ወረቀታቸውን ማን እንደሚሞላላቸው ጠየቁኝ። እኔን ይቅር ማለቱ ይቆይ። ስለ ኮሚቴው ግን እባክህ ይህን እንዳነበብክ ደውልልኝ።»