ሲና «አላውቀውም» ያለችው ፊደል

ይድረስ ለልጄ ለዓለምፀሐይ፣ ዱባይ።

የቀጨኔው መድኃኔዓለም ካለሽበት ከነጤናሽ ያቁምልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገቱን ሲያይ ያኮርፋል።

ልጅሽን ሲናን ከመንግሥት ኬጂ አውጥተን የግል እናስገባት ላልሽው፣ እኔም ትምህርቱን ጠርጥሬ ነበር። ካርዷ ከላይ እስከ ታች «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። የጎረቤታችን የኪሩ ካርድም ያው ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ጫማውን ግራና ቀኝ አልለየም። ስለዚህ የኔታ በልጅነቴ ይፈትኑኝ እንደነበረው ስንደዶ ይዤ፣ ፊደሉን ከመሀል እየጠቆምኩ ጠየቅኳት። «አላውቀውም አባባ» ትላለች፣ ዓይኗን እያቁለጨለጨች። አንጀቴ አይችልም፣ ከረሜላ እሰጣታለሁ። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። በዜማ ብቻ እያስጮኹ ሸወዱን ብዬ ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

መምህርቷ ሐመልማል ስንደዶዬን አይታ ሳቀችና «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይጠቁሙ» አለችኝ። ክፉ ክፉውን መረጥኩ። ሲና አንድ ሳትስት ለቀመችው።

«ታዲያ ቤት ለምን አላውቅም አልሽ?» ብላት፣

«ሳውቀው ከረሜላ አይሰጡኝማ» አለች።

በማን እንደወጣች አንቺው ታውቂያለሽ።

ካርዱን አሁንም አላምነውም፤ መምህርቷን ግን አምኛለሁ፣ እዚያው ትማር። አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሽ፤ ለሲና ለብቻዋ በትልልቅ ፊደል ጻፊላት። እኔ አላነብላትም። የእናቷን ደብዳቤ ይዛ «አላውቀውም» አትልም።

አሠሪዎችሽን ልበ ቀና ያድርግልሽ፤ በሰላም መልሶ ያሳየን።

አባትሽ አጥናፉ