አምስት በር በአንድ ቁልፍ፦ የጋሽ መክፈቻ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ መክፈቻ ከእንጨት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለ ሰፈር፣ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከዛሬ ስልሳ ዓመት በፊት በሚያዝያ ወር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ናቸው። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው ሕፃኑ ሁለት እጁን ጨብጦ ስለመጣ አዋላጇ "ይሄ ልጅ የሆነ ነገር ይዞ ነው የመጣው" ብለው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው አዩ። ምንም አልነበረም። ጋሽ መክፈቻ ግን እስከ መጨረሻው "ሴትዮዋ ወስደውት ነው" ከማለት አልተመለሱም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሰባተኛ ክፍል ሳሉ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ ቀረ። ጋሽ መክፈቻ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ከፈቱት። ርዕሰ መምህሩ በመጀመሪያ አመሰገኗቸው፤ ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ ለሦስት ቀን ከትምህርት ቤት አባረሯቸው። ስማቸው የወጣው ያን ጊዜ ነው። "ጋሽ" የሚለው በኋላ ሽበት ሲመጣ የተጨመረ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከአንድ ሽማግሌ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሥራ ተቀጠሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው በዳቦ ቤቱና በጫማ ሰፊው መካከል ባለችው፣ እጅ ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ በምታስነካ ክፍል ውስጥ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የቁልፍ መቅረጫ ማሽኗ ስትነሳ የዳቦ ቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳቦ ሻጩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እየተማረሩ ኖረው፣ ማሽኗ ዝም ካለችበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ እያሉ ነው።

ትዳራቸውንም ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። አንዲት ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው ብለው መጡ። በሳምንቱ ሌላ ጠፋባቸው። በወሩ ውስጥ አምስተኛውን ቁልፍ ሲያስቀርጹ ጋሽ መክፈቻ ሞረዳቸውን አስቀምጠው "እትዬ፣ እርስዎ ልጅ ሒሳብ የሚያስተምሩት እንዴት ነው?" አሏቸው። "ቁልፍ ለመቁጠር ሳይሆን ሰው ለማየት ስለሆነ የመጣሁት ነዋ" አሉ አስተማሪዋ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ።

የጋሽ መክፈቻን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያነሳው የአምስቱን በር ነገር ስለሆነ እኛም ልንዘለው አንችልም። ወንድምና እህቶቻቸው ሁሉ የየራሳቸውን ቤት ከያዙ በኋላ ጋሽ መክፈቻ ያሰቡት ነገር ነበር። "ከአንድ ማኅፀን ወጥተን አምስት ዓይነት ቁልፍ ምን ያደርግልናል? ማን ባዳ ነው?" ብለው በአንድ እሁድ የአምስቱንም ቤት የበር ቁልፍ ሲሊንደር ቀይረው አንድ ዓይነት አደረጉት። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁልፍ ሰጡ። ሁሉም በሁሉም ቤት ይገባ ጀመር። ታላቅ እህታቸው ሥራ ውለው ሲመጡ የሁሉ ታናሽ የሆነውን ወንድማቸውን አልጋቸው ላይ ተኝቶ የሚያገኙበት ቀን ብዙ ነበር።

ይህ ታናሽ ወንድም ሰፈሩ "ደፋሩ" የሚለው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መርፌ ባየ ቁጥር እንደ ጆንያ ስለሚወድቅ ነው እንዲህ የተባለው። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከአምስቱ የሦስተኛው ሠርግ ቀን፣ ደፋሩ ቦርሳውን አውቶቡስ ላይ ረሳው። በቦርሳው ውስጥ ቁልፉ ነበር፤ የጥሪ ወረቀት ሲያድል የያዘው፣ የቤተሰቡ ሁሉ አድራሻ የተጻፈበት ደብተርም ነበር። ቤተሰቡ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ሌባው በአንዲት ቁልፍ አምስት ቤት ገባ። አንድም በር አልሰበረም። ከሁሉም የከፋው የታላቅ እህታቸው የስፌት መኪና መወሰዷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸውና እንጀራቸው እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደፋሩ ጋር አልተነጋገሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንኳ "ለዚያ ሰውዬ ንገሩት፣ በሩን ይዝጋ" ይላሉ፤ እሱም "እሺ በሏት" ይላል። መልእክት አድራሹ ሁልጊዜ መሐል የሚቀመጡት ጋሽ መክፈቻ ነበሩ።

ጋሽ መክፈቻ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ታመሙ። ደረጃ ሲወጡ መድከም፣ ሞረድ ሲይዙ እጃቸው መበለዝ ጀመረ። ሆስፒታል ተመርምረው ደም የሚያመርተው መቅኒያቸው መታመሙ ታወቀ። ሐኪሟ የሌላ ሰው ጤነኛ መቅኒ ካልተሰጣቸው ዓመት እንደማይዘልቁ ነገሯቸው፤ ሰጪው ግን እንዲሁ የተገኘ ሰው ሊሆን አይችልም፤ የሁለቱ መቅኒ መግጠም አለበት። አራቱም ወንድምና እህቶች ተጠርተው ለምርመራ ደም ሰጡ። ደፋሩ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለተኛውን ጊዜ ወለል ላይ እንዳለ ተቀዳ።

ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ወረቀትና እርሳስ አወጡ። አንድ ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ አራት ሰው ካለ ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድሉ ከመቶ ስልሳ ስምንት ያህል ነው አሉ። ጋሽ መክፈቻም "ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው፤ መቶ በይው" አሏቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም በሐኪሟ ጠባብ ቢሮ ተሰበሰቡ። አንዳቸውም ለጋሽ መክፈቻ አልገጠሙም። ግማሽ የሚገጥም ነበረ፤ ለሕመማቸው ግን ሐኪሟ ሙሉውን ፈለጉ። ከዚያም ወረቀቱን አገላብጠው፣ በደግነት ይመስላል፣ "የሚገርመው ግን ትልቋ እህትና ትንሹ ወንድም በዚህ ነገር እንደ አንድ ሰው ናችሁ፤ ፍጹም ትገጣጠማላችሁ" አሉ።

"እንደገና ይለካ" አሉ ታላቅ እህት።

ጋሽ መክፈቻ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ካላስረዱኝ አልወጣም ስላሉ ሐኪሟ አስረዷቸው። በሰው ሴል ላይ፣ የሰውነት ዘበኞች የራሳቸውን ከባዕድ የሚለዩበት ምልክት አለ። ምልክቱን የሚያሠሩት ዘረ-መሎች ናቸው፤ ከሰው ዘረ-መሎች ሁሉ የእነዚህን ያህል በዓይነት የበዛ የለም፤ ዓይነታቸው በሺህ የሚቆጠር ነው። ጋሽ መክፈቻ ይህን ሰምተው ከኪሳቸው ቁልፎች አወጡና ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አባት ሁለት የቁልፍ ዘለላ አለው፣ እናት ሁለት ዘለላ አላት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ አራት ዓይነት ልጅ ይወጣል። እሳቸው ከአምስቱ መሐል ብቻቸውን የቀሩት ዓይነት ናቸው። ሐኪሟ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ቤተሰቦች የሚያስረዱት በቁልፍ እንደሆነ ነግረውናል።

"ግን ለምን እንዲህ በዛ? አንድ ዓይነት ቢሆን አሁን እኔ እድን አልነበር?" ብለው ጠየቁ።

"ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቢሆን፣ የአንዱን ዘበኛ ያታለለ ጀርም የሁሉንም ያታልላል። በአንድ ወረርሽኝ ሕዝብ ያልቃል" አሉ ሐኪሟ።

 ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ደፋሩ ዞረ። ጋሽ መክፈቻ ቁልፎቻቸውን ሰብስበው ወደ ኪሳቸው ከተቱና "ገብቶኛል ዶክተር፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። አምስት ቤት ነው የተዘረፈው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ወር ቀልድ አልነበረበትም። ስማቸው በዓለም ዙሪያ ወዳለው የፈቃደኞች መዝገብ ተላከ። እሳቸው ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስልክ ያዩ ነበር፤ ባለቤታቸው ወረቀትና እርሳስ ማውጣት ትተው ነበር። በስድስተኛው ወር መጀመሪያ የምትገጥም ሰው ተገኘች። የተነገራቸው ሴት መሆኗ፣ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት መሆኑና አገሯ ሩቅ መሆኑ ብቻ ነው። ስሟን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም።

መቅኒዋ ተሰጣቸው፤ ዳኑ። የደማቸው ዓይነት ከኦ ወደ ቢ ተለወጠ። ባለቤታቸው "እኔ ያገባሁት ኦ ነው" ቢሉም ሐኪሞቹ አልመለሱላቸውም። ጋሽ መክፈቻ በበኩላቸው ከዚያ ወዲያ ጥፋታቸውን ሁሉ በልጅቷ ማላከክ ጀመሩ። ቴሌቪዥን እያዩ ቢያለቅሱ "ልጅቷ ናት"፤ ካርታ ቢሸነፉ "ልጅቷ መጫወት አትችልም"። ሐኪሟ የተለወጠው ደምዎ እንጂ ጠባይዎ አይደለም ቢሏቸውም አልሰሙም።

አዲሱ መቅኒ የልጅነት ክትባታቸውን ስለማያውቅ እንደገና መከተብ ነበረባቸው። የጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ከእናቶችና ከሕፃናት መሐል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ነርሷ ቀና ሳትል "ልጁስ?" አለች።

"ልጁ እኔ ነኝ" አሉ።

የተሰጣቸው ቢጫ የሕፃናት ካርድ እስከ ትናንት ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ክብደት የሚሞላበት ቦታ ላይ ነርሷ ሰባ አንድ ኪሎ ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ "እድገቱ ጥሩ ነው" ብላበታለች።

ጋሽ መክፈቻ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። እንዳይሞቱ ብላ በሯን የከፈተችላቸውን ሰው ማመስገን አይችሉም፤ ስለዚህ በእሳቸው በኩል ለሌላ ሰው፣ ለአንድ እንኳ ቢሆን፣ በር እንዲከፈት ፈለጉ። ከመዝገቡ ቢሮ ሥልጠና ወስደው፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት የምራቅ መውሰጃ እንጨትና የፈቃደኞች መመዝገቢያ ቅጽ ተሰጣቸው። ቁልፍ ተቀርጾ እስኪያልቅ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጉንጭ ውስጡን በጥጥ መጥረግ አንድ ደቂቃ። ሰው ቁልፍ ሊያስቀርጽ ገብቶ "እስኪ አፍህን ክፈት" ይባላል። ትራፊክ ፖሊሱ ለሥራ ጉዳይ መጥተው አፋቸውን ከፍተው ተመልሰዋል። እኛ ጎረቤቶቻቸውማ ጨው ልንበደር ሄደን ነው የተመዘገብነው።

ማንንም ግን አላታለሉም። ከማስፈረማቸው በፊት ማሽኗን አጥፍተው አንድ ነገር ይናገሩ ነበር፦ "ከተጠራህ፣ ከመጀመርህ በፊት እምቢ ማለት ትችላለህ። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ግን የታማሚው መቅኒ በመድኃኒት ይጠፋል። አሮጌው በር ተነቅሏል ማለት ነው። አዲሱን የያዘው አናጢ ከቀረ ሰውዬው አለቀለት።"

በዘጠኝ ዓመት ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ሰው አስመዘገቡ። አንድም አልተጠራም። ባለቤታቸው ዕድሉ ትንሽ መሆኑን በወረቀት ቢያሳዩዋቸውም፣ በየወሩ መጀመሪያ ወደ ቢሮው ደውለው "የኛ ሰፈር ገና ነው?" ማለታቸውን አላቆሙም።

ያልተመዘገበው ደፋሩ ብቻ ነበር። ሲለምኑት ኖሩ፤ ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ግን ድንገት መለመኑን ተዉት። አንድ ወር ሙሉ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላሉም። ደፋሩ አልቻለም። በአንድ ማክሰኞ ሱቁ ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማንም ሳይጠይቀው አፉን ከፍቶ ቆመ። ስድስት መቶ አሥራ አራተኛው እሱ ነው።

ጋሽ መክፈቻ ባለፈው ክረምት ልባቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። የልጅቷ ደም እስከ መጨረሻው አልከዳቸውም፤ የደከመው የራሳቸው ልብ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደፋሩ ስልኩን እንደያዘ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገባ። ተጠርቷል። ታማሚዋ በሌላ ከተማ ያለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አምስት ቀን በተከታታይ መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ሁለት ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ቀኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ረቡዕ ነው።

ጋሽ መክፈቻ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ጠቆሙት። ከዚያ "እኔ ያን ሳምንት ላልቆይ እችላለሁ፤ ቀብሬ ረቡዕ ቢውል ወደ እኔ እንዳትመጣ። ከመጣህ ተነስቼ በሩን እዘጋብሃለሁ" አሉት።

ታላቅ እህታቸው ከአልጋው ማዶ ተቀምጠው ነበር። "ለዚያ ሰውዬ ንገሩት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል፤ አብሬው እሄዳለሁ" አሉ።

"እሺ በሏት" አለ ደፋሩ።

"እኔ እየሞትኩ ነው፤ ሌላ መልእክተኛ ፈልጉ" አሉ ጋሽ መክፈቻ።

 ታላቅ እህት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩትና "ሹራብ ያዝ፤ ሆስፒታል ይበርዳል" አሉት።

ጋሽ መክፈቻ በስልሳ ዓመታቸው ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እያሉ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶችን፣ በጥጥ የተጠረጉ ስድስት መቶ አሥራ አራት ጉንጮችን፣ እንዲሁም የት እንዳለች የማናውቃት አንዲት ሴት ትተው አልፈዋል። ለእሷም መጽናናቱ ይድረሳት።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከፊት ወንበር ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ እባካችሁ ማንም አይቀመጥባቸው። ታላቅ እህታቸውና ታናሽ ወንድማቸው በዚህ ሰዓት በሌላ ቦታ፣ አንዱ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንዷ ትከሻውን ይዘው ተቀምጠዋል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅም በሯ ተነቅሎ እየጠበቀች ነው። የቀሩት ታዘው ነው፤ የሚወቅሳቸው ሰው ካለ ወቀሳውን ለሟች ያቅርብ።

አምላክ ለነፍሳቸው ደጁን ከፍቶ ይጠብቃቸው። ተቆልፎ ካገኙትም አንሰጋም፤ ከፍተው ይገባሉ። የምናዝነው ለደጁ ጠባቂ ነው፤ ገና ሰላም ሲላቸው "እስኪ አፍህን ክፈት" መባሉ አይቀርም።