ለእማማ ጀምሱን የተላከው ኪምቺ

ኖቬምበር 27
ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጎመን ስንነክር ዋልን። ተራራ የሚያክል ጥቅል ጎመን። ጨው ነስንሰን እንዲያድር ተውነው። ወገቤ ተቆረጠ። እትዬ ኦክጃ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ስለሆነች ቆማ ታዛለች፣ እኛ እንጎነበሳለን። “የቴግዩ እናት፣ ጨው ላይ እጅሽ ባልሽን መስሏል” አለችኝ። ቆንቋና ነው ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... እውነቷን ነዋ።
ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ግን ተመስገን፣ ጣቴ ገና ይታጠፋል።

ኖቬምበር 28
በርበሬና ነጭ ሽንኩርቱን ለውሰን፣ በየጎመኑ ቅጠል መሐል ሞልተን ኪምቺውን ጨረስንና ወደ ማደል። በየዓመቱ ከገና በፊት ለተቸገሩ አዛውንቶች እንሰጣለን። የከተማችን የሞክፖ ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ለእኔና ለእትዬ ኦክጃ ደረሰን።
መጨረሻ ላይ እማማ ጀምሱን ቤት ደረስን። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤተ ክርስቲያን መጥተው አያውቁም። እትዬ ኦክጃ ‘የፍቅር ኪምቺ’ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጨርቅ ዘረጋች፣ ኪምቺውን አስያዘቻቸው፣ ስልኳን አወጣች። ፈገግ ይበሉ እማማ ትላቸዋለች። አላሉም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጥርሴን አሳያለሁ... ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከዚያ ወዲህ ደስ አላለኝም።

ኖቬምበር 29
ጠዋት በሬን ስከፍት ኪምቺው ደጄ ላይ። ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ያን ሁሉ ዳገት ወርደው? በዚያ ጉልበት?
ለእትዬ ኦክጃ ደወልኩ። ኩሩ ናቸው፣ ተያቸው፣ የሚፈልግ ሞልቷል አለች። እኔ ግን ትናንት ከትከሻቸው ጀርባ ገበታቸውን አይቻለሁ። ውኃ የፈሰሰበት ሩዝ፣ አጠገቡ ትንሽ ጨው። ሌላ የለም። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው... በዚህ እንዴት ሊያልፉት ነው?

ዲሴምበር 2
ያስከፋቸው ፎቶው ነው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ስልክ። ለእንግዳ በማወጣው ሳህን ሞልቼ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ፎቶው ግድ እንደሌላቸው፣ መልካቸው ድሮም ለፎቶ እንደማይሆን ነገሩኝ። ሳህኑን ግን አልነኩም። በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ዲሴምበር 5
ኪምቺውን በፌስታል አንጠልጥዬ በራቸው እጀታ ላይ ሰቀልኩና ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሌባ!
ገበያ ላይ አገኙኝ። ፌስታሉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። “በር ላይ ጥለው የሚሄዱት ለውሻ ነው” አሉኝና ሄዱ።
ጌታዬ፣ መስጠት እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

ዲሴምበር 6
እራት ላይ ለባሌ ምሬቴን ዘረገፍኩለት። ሾርባውን እየጠጣ ሰማኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፣ የላይኛዋ ጎረቤት ዱባ የላከችልሽ ጊዜ ሳህኗን እንዴት መለስሽ? እንቁላል አድርጌበት አልኩት። ባዶውን ብትመልሺስ? ምን ነካህ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ አልኩት።
“ታዲያ እሳቸው ምን አድርገውበት ይመልሱልሽ?” አለኝ።
ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።
በዕድሜዬ ባዶ ሳህን መልሼ አላውቅም። እናቴም አታውቅም። እዚህ አገር ማን መልሶ ያውቃል? ቤታቸው ባዶ... እኔ ደግሞ በየጊዜው ሸክም እያመላለስኩ በግድ ተቀበሉኝ እላለሁ። እኔና የኅብረቱ ሴቶች ስንጸልይ ያላየነውን ያ ቆንቋና ሾርባ እየጠጣ አየው። ስለ እሱም ተመስገን።

ዲሴምበር 8
ባዶ እጄን ሄድኩ። እማማ ገበያ ላይ የሚጣለውን የጎመን ቅጠል እየለቀሙ ጣሪያው ጠርዝ ስር አስረው ያደርቃሉ። ባሌ የደረቀ ቅጠል ሾርባ አማረኝ እያለ ፈጀኝ፣ ዘንድሮ አላደረቅሁም፣ ትንሽ ይሰጡኛል ወይ አልኳቸው። አልዋሸሁም፣ ነፍሱ ነው።
ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ይሄንንም በር ከዘጉብኝ ሌላ የማንኳኳው የለኝም...
“ጎመን ውስጥ እየዋልሽ ቅጠል ማድረቅ አቃተሽ? ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ?”
ያ ቁጣ እንዴት እንደጣፈጠኝ! በርጩማ ላይ ወጡ። ላውርድልዎት ብዬ ብዘረጋ እጄን መቱኝ። ትልቁን እስር መርጠው በገዛ ሳፋቸው ሰጡኝ። አሸዋ አለው፣ ደጋግመሽ እጠቢ፣ እንደ ዘመኑ ሰው ውኃ አሳይተሽ እንዳታወጪው አሉኝ።

ዲሴምበር 9
ሳፋቸውን መለስኩ። ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ኪምቺ ሞልቼ።
ቆንጥረው ቀመሱ። ጨው አንሶታል አሉ። ከዚያ ይዘውት ገቡ። ይዘውት ገቡ!
ዳገቱን እያለቀስኩ ወረድኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር... ይበል።

ዲሴምበር 17
ቅጠሉ አለቀ። ባሌ “ሂጂ ደግሞ ለምኚልኝ” ይላል። ሄድኩ። ሩዙ አጠገብ ኪምቺ አየሁ።

ዲሴምበር 24
የቀረውን ኪምቺ ልናድል ስንወጣ እማማ ጀምሱን መንገድ ላይ ጠበቁን። ሰፈሩን እኔ ነኝ የማውቀው አሉና ፊት ፊት ሄዱ። እትዬ ኦክጃ ያንን ጨርቅ ስታወጣ “ከበረደሽ ልበሺው” አሏት። እትዬ ኦክጃ ቀላች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።
ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ አምና ከእኛ ሲቀበሉ ቀና ብለው አላዩንም ነበር። እማማ በሩን ደበደቡት። ይሄ ኪምቺ በዝቶብኝ ሊኮመጥጥብኝ ነው፣ ገላግለኝ፣ በምትኩ ደጄ ላይ ያለውን በረዶ ትጠርግልኛለህ አሏቸው። ሽማግሌው ሳቁ። አሁኑኑ አካፋዬን ላምጣ አሉ። እኔ ስንት ዓመት ሳድል ኖሬ እንዲህ ሲቀበሉ ያየሁት ዛሬ ነው።
ስንመለስ እማማ ክንዴን ያዙ። መንገዱ ያዳልጣል። ነገ ገና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይምጡ ልላቸው አሰብኩና ፈራሁ። ራሳቸው ጀመሩት። በስንት ሰዓት ነው የምትገቡት? ነገርኳቸው። ጥቂት እንደሄድን ቆሙ።
“የማመጣው የለኝም እኮ” አሉ።
ምንም አይያዙ አልኳቸው።
ደጃቸው ደረስን። ክንዴን አልለቀቁም።
“እንግዲያው ባዶ እጄን እመጣለሁ” አሉ።