ሰላምታ የሚያስጨርሰው መስመር

ወንድምዓለም፣

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አሁን ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። እንጅባራ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ይህን የምጽፍልህ ከቢሮህ ነው። ወንበርህ ላይ ግን አልተቀመጥኩም፤ የድሮዋ በርጩማዬ ላይ ነኝ። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቃለህ፤ ስጽፍ ይሻለኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ገበያ ግን አትቀርም። የስልክህን ቻርጀር ከግድግዳው አልነቀለችውም፤ ቤት ስትጠርግ አቧራውን ታራግፍለትና ትተወዋለች። የጓሮውን የዲከረንስ ዛፍ አስቆርጠን ለከሰል ሸጥነው፤ ቦታው ላይ ድንች አለ። ወደ ትምህርቴ አልተመለስኩም፤ አልዋሽህም። ለመስከረም እመዘገባለሁ ብዬ ለእማ ነግሬያታለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በቀደም ሬዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። «ልጁ አለ?» ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙና ራሳቸው አስታወሱት። እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ሬዲዮኑን ከፈትኩት፤ ባትሪው ተገልብጦ ነው የገባው። አስተካክዬ ሰጠኋቸው፤ ነፍስ ይማር ብለውህ ሄዱ።

ትዝ ይልሃል፣ አዲስ አበባ ለባንኮች ስትሠራ፣ ለበዓል ስትመጣ ሰዉ የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይሰለፍ የነበረው? እማ «ልጄ ኮምፒውተር ይሠራል» ብላ ስላወራች ነው። አንድ ሰው የወፍጮ ሞተር በጋሪ ጭኖ መጥቶ ነበር። አንተም «እኔ የምሠራው በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም» ስትል እማ ወደ ጓዳ ጠርታ «እንዲህ እያልክ ለሰው አትናገር፣ ሥራ ፈት ነው ይሉሃል» አለችህ። የሶፍትዌር አርክቴክት ማለት ምን እንደሆነ ለእኔ ብቻ ነው በደንብ ያስረዳኸኝ። ቤት የሚሠራ ሰው በሩን የት እንደሚያደርግ፣ ማን በየት እንደሚገባ አስቀድሞ ያስባል፤ እኔም እንደዚያ ነኝ፣ ቤቴ ግን አይታይም አልከኝ።

ያን ሥራ ትተህ ስትመለስ ተባሮ ነው ያለው ብዙ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛህ ከሀብታሙ ጋር ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቁ ጀርባ ይህችን ክፍል ተከራያችሁ። ሐሳብህ ቀላል ነበር። ገበሬው ድንቹንም ከሰሉንም ጭኖ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በየትኛውም ስልክ በነጻ ደውሎ የቆሰበርን፣ የጥሊሊን፣ የአዲስ ቅዳምንና የዳንግላን የገበያ ዋጋ ይስማ፤ በአማርኛም በአዊኛም።

ለአዊኛው ድምፅ ሲያስፈልግ ወደ እኔ መጣህ። የአንተን አዊኛ እማ «ከተሜ ሆኗል» ብላ ጣለችው፤ እኔ ገጠር አያታችን ዘንድ ነው ያደግሁት። አልችልም ብዬ አለቀስኩ። አንተም ከስልኩ ጋር ጋቢ ውስጥ ከተትከኝና «በይ አሁን ማንም አያይሽም» አልከኝ። አገር ሁሉ የሚሰማው ድምፅ እንደዚያ፣ በጋቢ ውስጥ ነው የተቀዳው።

ከዚያ ችግር መጣ። ሰው ይደውላል፣ ዋጋ ሳይሰማ ይዘጋበታል። ኔትወርኩ ነው እያልክ ሰነበትክ። አንድ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ ይዘኸኝ ሄድክና ከከሰል ሻጩ ከአያ ፈንታ አጠገብ ተቀመጥን። ደወሉ። ድምፄ በአዊኛ ሰላም አላቸው፣ እንደምን አላችሁ አለ። እሳቸውም ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱ፤ እንዴት ነሽ፣ ወላጆችሽ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የእኔ ድምፅ ለድንች አንድን ይጫኑ፣ ለከሰል ሁለትን ይጫኑ እያለ ነበር። እሳቸው ሲጨርሱ መስመሩ ተዘጋ።

«አሳዳጊ የላትም» አሉ ስልኩን እያዩ። «ሰላም ብላ፣ መልሴን ሳትሰማ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ!»

እኔ ተነሥቼ ከጀርባቸው አፌን በሻሼ ይዤ እስቃለሁ። አንተ አልሳቅክም። በሚኒባስ ስንመለስ መስኮት መስኮቱን እያየህ «ለካ እንደምን አላችሁ ብዬ መልስ የማልጠብቅ ሰው ሆኛለሁ» አልክ።

ከዚያ በኋላ ነው መስመሩን መጠበቅ ያስተማርከው። ሰውየው ሰላምታውን ጨርሶ ዝም እስኪል ዝም ይላል፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ «እግዜር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን» ብሎ ወደ ዋጋው ይገባል። ሀብታሙ ሳቀብህ። ሰዉ ግን መደወል ጀመረ። የቆሰበሩ የድንች ነጋዴ ጋሽ ሰይድ «የማን ልጅ ናት? አሳዳጊዋን ይባርክ» ሲሉ እኔ አጠገባቸው ድንች እየመረጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

ሕመምህ አጭር ነበር፤ እሱን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን አታውቅም። በተቀበርክ ቀን ሰው ይደውል ነበር። መስመሩም ለሁሉም እኛ ደህና ነን ይል ነበር፣ በእኔ ድምፅ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። ሀብታሙ ሥራውን አልጣለውም፤ ከባሕር ዳር እየተመላለሰ ይዞታል። በግንቦት መጥቶ መስመሩ ተጨናንቋል አለኝ። ደዋዩ በዝቷል፣ አንዱ ሰላምታ ሲያበዛ ሌላው መግባት ያቅተዋል፤ እውነቱን ነው። አንተ ከሠራኸው አብዛኛው እንደተቀየረም ነገረኝ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው አለ። «ይህችን ሰላምታ እስኪያልቅ መጠበቋን ብቻ ነው ያልነካኋት፤ አሁን እሷም ትውጣ። ሰላምታ ይቅር፣ ቀጥታ ወደ ዋጋው።» እኔም እሺ አልኩ። ለማንም እሺ እንደምል ታውቃለህ። ቤት ስገባ እራት አልበላ አለኝ። ያቺ ከወጣች ከአንተ የሚቀር እንደሌለ ገባኝ፤ ለሀብታሙ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላወቅኩም።

አንድ ቅዳሜ ሰላምታ የሌለበትን አዲሱን ቅጂ ሊሞክር አዲስ ቅዳም ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አያ ፈንታ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። ሀብታሙ ስልኩን ሰጣቸው። እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው ያዙት። ድምፄ ያለ ሰላምታ ዋጋውን ዘረገፈው። እሳቸው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት።

«ምን ሆና ነው? ሰላም እንኳ አላለችኝ። ቤቷ ሐዘን ገብቷል መሰለኝ።»

ወንድምዓለም፣ እንዴት አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። በአዊኛ፣ እዚያ ሰው መሐል፣ «አዎ አያ ፈንታ፣ ወንድሜ ሞቶብኝ ነው» አልኳቸው። ድምፁን አወቁት። ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አንቺ ነሽ?» አሉ። ከዚያ እግዜር ያጽናሽ ብለው ጀመሩ፤ ስለ አንተ ጠየቁ፣ ስለ እማ ጠየቁ፣ ስለ ጓሯችን ሳይቀር ጠየቁ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው መለስኩላቸው። ሀብታሙ አዊኛ አይሰማም፤ ስልኩን ተቀብሎ ቆሞ ጠበቀን።

ስንጨርስ «ምን አሉሽ?» አለኝ።

«ሰላም አሉኝ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ። ይህችን አታውጣት፣ ሀብታሙ።» ሰው ፊት ነው ያልኩት።

መልሶ አስገባት። በምትኩ ከዋጋው በኋላ የነበረውን የድርጅቱን ስምና ለገበሬው የሚሰጠውን ረጅም ምክር ቆረጠው፣ ተጨማሪ መስመርም ከፈተ። «ሁሉንም እንደገና ቅጂ» ስላለኝ ዛሬ ቀዳሁት። ጋቢ አልለበስኩም። እንዲያውም በሩን ክፍት ትቼው ሀብታሙ «የባጃጁ ድምፅ ገባ፣ ዝጊው» አለኝ። እኛ ደህና ነን የሚለው ጋ ስደርስ ግማሹ ላይ አቋርጬ እንደገና ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ አልኩት።

ከነገ ጀምሮ ሰው ሲደውል እኔ ሰላም እላለሁ፣ እሱም ይመልሳል። በመሐል ያለችው ዝምታ የአንተ ናት። ሀብታሙ ሌላውን እንደፈለገ ይቀይር፤ እሷን እኔ እጠብቃታለሁ። ሰው የቱንም ያህል ቢያስረዝም፣ እስኪጨርስ ድረስ አብሬህ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

እህትህ