ሰባ ሦስት ላይ ሳልደርስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 1978

አስሩም ቁጥሮች ላይ የራይት ምልክት አድርጌ ሰጠኋት። የሠራሁት ግን ሦስቱን ብቻ ነው።

ልጄ ፈቲያ ስድስተኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ እዚሁ አሰበ ተፈሪ ከገለምሶ ልጆች ጋር የሒሳብ ውድድር አለባት። ቁጥሩ ቀድሞ ተሰጥቷቸዋል፦ 10,001። ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ ሌላ የሚያካፍለው አለ? ከመቶ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እየሞከሩ ማየት ነው። እስከ 47 ራሷ ሠራች፣ ሁሉም ቀሪ አላቸው። የቀረውን «አባባ፣ አንተ አግዘኝ» አለች።

የእኔ ድርሻ፦
53 — ቀሪ 37
59 — ቀሪ 30
61 — ቀሪ 58
67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 97

ወረቀቱን ይዤ ጓደኛዬ ሻፊ ቤት በርጫ፣ ጫት ልቅም ሄድኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው። 61 ላይ ምርቃናው መጣ። 10,001 ብቸኛ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ለሰዎቹ ማስረዳት ጀመርኩ። ሻፊ «አቦ ይሄ ሰውዬ ዛሬ በጫት ሳይሆን በቁጥር ነው የመረቀነው!» አለ። ሳቁ። እኔ ሳላካፍል ምልክቱን እስከ 97 ጨረስኩ።

አርብ፣ ኅዳር 6

ምርቃናው ወረደ፣ ፍርሃቱ ብቻ ቀረኝ። ከጁምዓ ስመለስ ፈቲያ ለእናቷ «አባባ እስከ መጨረሻው ሠራው» ስትላት ሰማሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ደግሞ «አባትሽ እኮ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ነው!» አለቻት።

ዝም ያልኩበት ምክንያት፦
1. አፈርኩ።
2. ብቸኛ ቢሆንስ?
3. አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ፈቲያ ሰሌዳው ላይ «ብቸኛ ነው» ብላ ጻፈች። አንዲት ቀጭን የገለምሶ ልጅ ተነስታ ከሥሩ ጻፈችበት፦ 73 × 137። ልክ 10,001።

የትምህርት ቤቷ መምህር ፈቲያን «73ን አልሞከርሽም?» አላት።

ዞራ አየችኝ። «ሞክሬ ተሳስቼ ነው» አለች።

ያኔ መነሳት ነበረብኝ። ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። በደሳ ከተማ ለሚደረገው ቀጣይ ውድድር በፈቲያ ፋንታ ሌላ ልጅ ይሄዳል ተባለ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ከቤት አልወጣሁም። የቀሩትን ሠራኋቸው። 67 ቀሪ 18። 71 ቀሪ 61። 73 ቀሪ ባዶ። 73 ላይ ለመድረስ ሦስት መስመር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለፈቲያ ነገርኳት። በርጫውንም ጭምር።

«አውቄ ነበር» አለች። «ቀሪ የጻፍከው ለሦስቱ ብቻ ነው። አንተ ስለሆንክ አመንኩህ።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ለመምህሩ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ሌሎቹ መምህራን ይሰማሉ። «ጋሼ የሱፍ፣ እኛ ወላጆች ልጆቻችሁን አስጠኑ ስንል…» ብሎ ተወው። በደሳ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኩት። «እስቲ ላስብበት» አለኝ።

ከምሳ በኋላ ሻፊ ለበርጫ አስጠራኝ። አልሄድኩም።

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አገኘሁ፣ የፈቲያ ጽሕፈት። አዲስ ቁጥር፦ 10,007። እስከ 47 ሠርታዋለች፣ ሁሉም ቀሪ አላቸው። ከሥሩ የእኔ አስር ቁጥሮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው አጠገብ «ቀሪ» ብላ በማስመሪያ አስምራ ክፍት ቦታ ትታልኛለች።

53 — ቀሪ 43።

ወደ 59 ልሂድ።