ከድንጋዩ ሥር የፈሰሰው መድኃኒት

ለወንድሜ ለሸዋአለም፣

ጤናህ እንዴት ከርሟል? ባለቤትህ መሲስ? ፍሬአብ አፉን ፈታ? እኛ እመብርሃን ትመስገን፣ በሕይወት አለን። በስልክ ስቆጣህ «ኔትወርክ የለም» እያልክ ስለምትዘጋው ይኸው በወረቀት ጻፍኩልህ።

በሐምሌ የጓሯችን ጎመን እየተበላ ወንፊት ሲሆን፣ የመደቡን ድንጋዮች ባገላብጥ ከሥራቸው ጥቋቁር ጥንዚዛዎች፣ ዝልግልግ ቀንድ አውጣዎችና አውራ ጣት የምታህል እንቁራሪት ማግኘቴን ነግሬህ ነበር። ሳቅህብኝ። በሳምንቱ ከምትሠራበት የአበባ እርሻ ያመጣኸውን የተባይ መድኃኒት በውኃ ፕላስቲክ ሞልተህ በሚኒባስ ላክህ። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። እኔ ባለሙያ ሳላማክር አልነካውም ብዬ ሰቀልኩት። አንተ ግን ለእምዬ ደውለህ፣ «ድንጋዩን እያነሳሽ አፍስሺበት፤ እሷ ነገር ማክበድ ትወዳለች» አልካት።

ቅዳሜ እኔ መሐል ሜዳ ገበያ ስውል በባዶ እጇ አፈሰሰችው። ስመለስ ዶሮዎቹ የሞተውን ጥንዚዛ ለቅመው አጥር ሥር ተዘርረዋል፤ እምዬ ደጃፉ ላይ ወድቃ አረፋ ትደፍቃለች። ጎረቤታችን ገብረ ክርስቶስ ሰው ጠርቶ በቃሬዛ አወጧት። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ምን እንደነካች ሲጠይቀኝ የምነግረው ስም አልነበረኝም። ያን ጊዜ እንዴት እንደተንገበገብኩ አንተ አታውቀውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሉት እውነት ሆነብኝ።

በኋላ የግብርና ባለሙያዋ እፀገነት መጥታ ድንጋዮቹን እያነሳች አየች። «ጎመናችሁን የሚበላው ቀንድ አውጣው ነበር፤ ጥንዚዛውና እንቁራሪቷ እሱን አድነው ይበሉላችሁ ነበር» አለችኝ። ዘበኞቻችንን ነው ያስገደልከን። ቀንድ አውጣው በሁለት ሳምንት ከማዶ ተመልሶ መጣ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም።

«ለእናቴ ብዬ ነው» እንዳትለኝ። ለእናትህ ብትል ኖሮ ፕላስቲኩ ላይ ምንነቱን ትጽፍበት ነበር። ለእናትህ ብትል በአምስት ዓመት አንድ ፋሲካ ትመጣ ነበር። ከሩቅ ማዘዝ ማንን ያቅተዋል?

መሲን ሰላም በልልኝ፤ ፍሬአብን አገላብጠህ ሳምልኝ። ባለቤቴ ዳኜ ሰላም ይልሃል፤ እሱም አዝኖብሃል። ልጄ ፀደንያ አጎቴ እንዴት ነው ትላለች። እምዬ «ደህና ሆኛለሁ በይው፤ ልጄን አትቆጪው» ብላኛለች። ይህን ስትለኝ የያዘችው ጣሳ እየተንቀጠቀጠ ውኃው ቀሚሷ ላይ ይፈስ ነበር። ስለዚህ ደህና ናት ብዬ አልጽፍልህም። መጥተህ እጇን ያዘውና ራስህ ፍረድ።

እህትህ አማከለች
መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በላይ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.